ከበርንአውት (በስራ ጫና ተሟጦ ማለቅ) በኋላ ወደ ስራ መመለስ፦ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄዎች (ከከተማ ዳር ለምንመላለስ)

ይሄን የጻፍኩት በየጊዜው በግል ስለምትጠይቁኝ ነው፣ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አይነት መልስ ከምጽፍ አንዴ ሰብስቤ ላስቀምጠው ብዬ። ስራዬ ኤችአር (የሰው ሃብት) ነው፣ ቤቴ አዲስ አበባ ዳር ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ስለዚ ነገሩን ከሁለቱም በኩል አየዋለሁ፣ ሰው የሃኪም ወረቀት ይዞ ቢሮዬ ሲገባም፣ ሌሊት ተነስቶ የታክሲ ሰልፍ ላይ ሲቆምም። ሃኪም አይደለሁም፣ ጠበቃም አይደለሁም። ስለ ህግ የምለው ሁሉ የግል ድርጅት ሰራተኛን የሚመለከተውን የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011ን ነው፣ የመንግስት ሰራተኛ የራሱ አዋጅ ስላለው ቀናቱም ክፍያውም ይለያል፣ እናንተ የመስሪያ ቤታችሁን የሰው ሃብት ጠይቁ።

በርንአውት በሽታ ነው እንዴ? ሃኪም ወረቀት ይጽፍልኛል?

የአለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ስራ ላይ ባዋለው 11ኛው የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ በርንአውት አለ፣ ግን በሽታ ተብሎ ሳይሆን ከስራ ጋር የተያያዘ ክስተት ተብሎ ነው የገባው። በአግባቡ ያልተያዘ፣ የቆየ የስራ ስትሬስ የሚያመጣው ነው ይላል፣ ሶስት ነገር ደሞ ይጠቅሳል፣ አቅም ተሟጦ ማለቁ፣ ከስራው በልብ መራቅ (ሁሉንም ነገር ማጣጣል፣ "ምን አገባኝ" ማለት)፣ እና ድሮ በቀላሉ የምትሰሩትን ስራ አሁን እንደማትችሉት መሰማት።

ይሄ ለኛ ምን ማለት ነው፣ ሃኪሙ ጋ ሄዳችሁ "በርንአውት ሆኛለሁ ወረቀት ጻፍልኝ" ብትሉ ላይሰራ ይችላል ማለት ነው። ያላችሁን ነገር በዝርዝር ንገሩት፣ እንቅልፍ ከጠፋ ስንት ጊዜ እንደሆነው፣ ምግብ እንዴት እንደሆነ፣ እሁድ ማታ ሲመሽ ልባችሁ መምታት እንደሚጀምር፣ ቢሮ ሽንት ቤት ገብታችሁ እንደምታለቅሱ፣ ምንም ሳትደብቁ። ብዙ ጊዜ ከስሩ ድብርት ወይ የጭንቀት ህመም ይኖራል፣ እሱ ራሱን የቻለ ህመም ነው ህክምናም አለው፣ ወረቀቱም በዛ ይጻፋል። የደም ምርመራም ጠይቁ፣ የደም ማነስና የታይሮይድ ችግር ልክ እንደዚ አይነት ድካም ያመጣሉ፣ አንድ አመት ሙሉ "ስራው ነው የገደለኝ" ሲል ኖሮ ደሙ ወርዶ የተገኘ ሰው አውቃለሁ (ስራውም ገድሎት ነበር እሱ ሌላ ጉዳይ ነው)።

የአማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ማህተም ያለበት ወረቀት ይዤ ቢሮ ልግባ? ምን ይሉኛል?

ይሄ ጥያቄ በጣም ነው የሚመጣልኝ፣ የሚያሳዝነውም ጥያቄ ይሄ ነው። አዋጁ የሚፈልገው በታወቀ የህክምና ድርጅት የተሰጠ ማስረጃ ነው እንጂ ከዚህኛው ወይ ከዛኛው ሆስፒታል አይልም። የአእምሮ ህክምና ክፍል ያላቸው ጠቅላላ ሆስፒታሎች አሉ፣ በኮተቤና በአያት በኩል ላላችሁ የካ ኮተቤ ሆስፒታል ቅርብ ነው፣ ከአቃቂ ከገላን በኩል ያለን ደሞ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሄደን ሪፈር ማጻፍ ነው። አማኑኤል መሄድ ካለባችሁ ግን ሂዱ፣ ልምድ ያለው ሰው ያለው እዛ ነው፣ የመርካቶ ሰው አየኝ አላየኝ ብሎ ህክምና መተው ትርፉ ህመም ነው። ወረቀቱን ደሞ ለአለቃችሁ ሳይሆን በቀጥታ ለኤችአር ስጡ፣ በፖስታ አሽጉት፣ ፋይላችሁ ውስጥ ይግባ፣ የቢሮ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ፎቶ አንስቶ "ይኸው ታምሜ ነበር" ብሎ የለጠፈ ልጅ ስላየሁ ነው የምለው።

ህጉ ስንት ጊዜ ይሰጠኛል? ደሞዜስ?

የሙከራ ጊዜ የጨረሰ ሰራተኛ ከታመመበት የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ በሚቆጠር 12 ወር ውስጥ፣ በተከታታይም ይሁን በተለያየ ጊዜ፣ ከ6 ወር ያልበለጠ የህመም ፈቃድ አለው። የመጀመሪያው 1 ወር ሙሉ ደሞዝ፣ ቀጥሎ ያሉት 2 ወራት ግማሽ ደሞዝ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ደሞዝ። በቃ ይሄው ነው።

ሰው የሚሸወደው ሁለተኛው ወር ላይ ነው። ግማሽ ደሞዝ ሲመጣ የቤት ኪራይ ግማሽ አይሆንም፣ እቁብም ግማሽ አይጣልም፣ ስለዚ ሳይሻላቸው ሮጠው ይመለሳሉ፣ ከዛ ሁለት ወር ሳይሞላቸው ደግመው ይወድቃሉ፣ ያኔ ሙሉ ደሞዝ የሚከፈልበት ወር አልቆ የተረፈው ግማሽ ደሞዝና ያለ ደሞዙ ብቻ ነው የሚጠብቃቸው። ከቻላችሁ ገና ፈቃድ ስትጀምሩ የእቁብ ሰብሳቢውን አናግሩ፣ እጣው ቀደም ብሎ እንዲወጣላችሁ ወይ ለሌላ ሰው እንዲዞር፣ ሰው ታሟል ሲባል የማይረዳ እቁብ ብዙም አላየሁም።

የአመት ፈቃድ የተለየ ነው፣ ከህመም ፈቃድ ጋር አታምታቱት። ለመጀመሪያው አመት አገልግሎት 16 የስራ ቀን ነው፣ ከዛ በየሁለት አመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ይሄንን ታምማችሁ ቤት ስትቀመጡ አትጨርሱት፣ ለመመለሻ ያስፈልጋችኋል፣ እንዴት እንደሆነ ታች እነግራችኋለሁ።

እኔ ለማንም ሳልናገር ነው የቀረሁት፣ ስልኬንም ዘግቼ ነበር። አሁን ምን ላድርግ?

ዛሬ ደውሉ። ካልቻላችሁ ወንድም፣ እህት፣ ጓደኛ ይደውል። ህጉ የታመመ ሰራተኛ በማግስቱ ያሳውቅ ነው የሚለው፣ አሰሪው በሌላ መንገድ ካወቀ ወይ ለማሳወቅ የማይቻል ከነበረ ግን ይለያል፣ ስለዚ አቅም አጥታችሁ ተኝታችሁ እንደነበር የሚያሳይ የሃኪም ማስረጃ ትልቅ ዋጋ አለው። ያለ በቂ ምክንያት፣ የጽሁፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠ ደጋግሞ መቅረት የማስጠንቀቂያ ጊዜ ሳይሰጥ ወዲያው ከሚያሰናብቱ ጥፋቶች አንዱ ነው፣ የጽሁፍ ማስጠንቀቂያው ፖስታ ሳጥን ውስጥ ይሁን ቴክስት ላይ ይሁን ፈልጋችሁ አንብቡት፣ አለማንበብ አያድንም።

ተሰናብታችሁ ከሆነ ደሞ ወደ ስራዬ ልመለስ የሚለው ክስ ውሉ ከተቋረጠ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ብዙ ሰው "ትንሽ ልረፍና እከሳለሁ" ብሎ ይሄ ቀን ያልፍበታል።

ለመመለስ መዘጋጀቴን በምን አውቃለሁ?

"ናፈቀኝ" በሚለው አትለኩት። ሰው ቤት መቀመጥ ስለሰለቸው፣ ጎረቤት "ዛሬም ስራ የለም?" ስላለው፣ ብር ስላለቀ ነው ብዙ ጊዜ የሚናፍቀው፣ እሱ ስራው ናፍቆት አይደለም።

እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው። ጠዋት ያለ ማንም ቀስቃሽ በተመሳሳይ ሰአት ትነሳላችሁ? አንድ ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማንበብ ትችላላችሁ? ቀበሌ ሄዳችሁ ሰልፍ ቆማችሁ "ነገ ና" ተብላችሁ ስትመለሱ ቀኑን ሙሉ ትተኛላችሁ ወይስ ተናዳችሁ ይለቃችኋል? የኋለኛው ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው፣ የቀበሌ ጉዳይ የቻለ ብዙ ነገር ይችላል።

ከዛ ግን ዋናው ጥያቄ ይመጣል፣ እዛ ቢሮ ውስጥ ምን ተቀይሯል? ያው ስራ፣ ያው ሰአት፣ ያው ብቻችሁን የምትሸከሙት የሶስት ሰው ስራ ከሆነ የሚጠብቃችሁ፣ ስድስት ወር ብትተኙም ስድስት ሳምንት ነው የሚያስኬዳችሁ። እረፍት ሰውየውን ነው የሚጠግነው፣ ስራውን አይጠግንም። ስለዚ ከመመለሳችሁ በፊት መቀየር ያለበትን ሁለት ወይ ሶስት ነገር ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ሃያ አይደለም፣ ሁለት ወይ ሶስት።

ታዲያ አለቃዬን ምን ልበለው?

ህመማችሁን በሙሉ ማስረዳት የለባችሁም። አለቃ ማወቅ ያለበት መቼ እንደምትገቡ፣ ለጊዜው ምን መስራት እንደማትችሉና እስከ መቼ እንደሆነ ነው። በጽሁፍ ላኩት፣ በአካል የተወራ ነገር በኋላ "እንደዛ አላልኩም" ይመጣበታል። ለምሳሌ እንዲህ፦

"ሰላም አቶ እገሌ፣ የህመም ፈቃዴ በዚህ ወር መጨረሻ ያበቃል። ሃኪሜ ስራ መጀመር እንደምችል ገልጾልኛል፣ ሆኖም ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት በአጭር ሰአት እንድጀምር መክሮኛል። ከመግባቴ በፊት ግማሽ ሰአት ቢሰጡኝና ስለ ሰአቴ፣ እንዲሁም ለጊዜው በሌላ ሰው እጅ ስለሚቆዩት ስራዎች ብንነጋገር ደስ ይለኛል።"

አለቀ። ይቅርታ አትለምኑበት፣ "ስላስቸገርኩ በጣም አዝናለሁ" ብላችሁ ከጀመራችሁ ድርድሩ እዛው ላይ አለቀ። ስብሰባው ካለቀ በኋላ የተስማማችሁትን በአጭሩ ኢሜይል አድርጉ፣ የቱ ስራ ይመለሳል፣ የቱ አይመለስም፣ ማን ይይዘዋል፣ መቼ ተቀምጠን እንገመግመዋለን።

ግማሽ ቀን ልግባ ማለት በድርድር ነው የሚገኘው፣ እዚህ ጋ ነው ያልጨረሳችሁት የአመት ፈቃድ የሚያገለግለው። አለቃና ኤችአር ከተስማሙ ረቡዕ ረቡዕን ከአመት ፈቃድ ላይ እየቀነሳችሁ እረፍት ውሰዱ፣ ማለትም ሁለት ቀን ሰርታችሁ አንድ ቀን ታርፋላችሁ ደግማችሁ ሁለት ቀን ትሰራላችሁ፣ ለስምንት ሳምንት 8 ቀን ብቻ ነው የሚፈጀው። ለድርጅቱ ምንም ወጪ የለውም፣ ስለዚ እምቢ ለማለት ይቸገራሉ፣ እኔም ለሰው ስመክር መጀመሪያ የማነሳው ይሄን ነው።

ሌላው፣ የምትመለሱበትን ወር ምረጡ። ሂሳቡን ሰኔ 30 የሚዘጋ ድርጅት ውስጥ የምትሰሩ ከሆነ ሰኔና ሀምሌ ላይ አትመለሱ። አንዲት የሂሳብ ሰራተኛ ሀምሌ መጀመሪያ ተመለሰች፣ ጠረጴዛዋ ላይ ቫውቸሩ እስከ አገጯ ተከምሮ ነው የጠበቃት፣ ኦዲተሩ ደሞ ከጎኗ ወንበር ስቦ ተቀምጧል፣ ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ "የጥር ባንክ ሪኮንስሌሽን የታል?" ነው የተባለችው። መስከረም ላይ ብትመለስ ኖሮ ሌላ ታሪክ ነበር።

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ነው፣ ስራዬ መሃል ከተማ። ስራው ሳይሆን መንገዱ ነው የሚገድለኝ።

ስለ በርንአውት የሚጻፈው ምክር አብዛኛው መንገዱን አይቆጥርም፣ ለኛ ግን ከግማሽ በላዩ እሱ ነው። አስሉት እስቲ፣ አዋጁ መደበኛ የስራ ሰአት በቀን 8 በሳምንት 48 ይላል፣ መንገዱ ደርሶ መልስ በቀን 3 ሰአት ቢበላ በስድስት ቀን 18 ሰአት ነው፣ ድምሩ 66 ይመጣል፣ ዝናብ የጣለ ቀንና ነዳጅ የጠፋ ሰሞን ሳይቆጠር። ሃኪሙም አለቃውም 48ቱን ነው የሚያዩት።

ባቡሩም አይደርስልንም፣ በደቡብ በኩል ቃሊቲ ላይ ያበቃል፣ በምስራቅ አያት ላይ። ከዛ ወዲያ ያለን ሰዎች ሌሊት 11 ሰአት ተኩል ላይ ሰልፍ ነን። የምታውቁት ነው፣ ተራ አስከባሪው እየጮኸ ሰልፉን ያስተካክላል፣ ከፊታችሁ ያለችው ሴትዮ ምሳ እቃዋን በፌስታል ጠቅልላ ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማ ታንቀላፋለች፣ ሚኒባሱ ከሩቅ ሲታይ ግማሹ ሰው ሰልፉን ጥሎ ይሮጣል፣ እናንተ ደሞ ልሩጥ ልቁም እያላችሁ ገና ቢሮ ሳትደርሱ የቀኑን ጉልበት ትጨርሳላችሁ። በጤናው ሰው የሚያማርረው ይሄ ነገር ከህመም ለተነሳ ሰው በቂ መውደቂያ ነው።

ስለዚ ከአለቃ ጋ ስትደራደሩ ስለ ስራ ሰአት ብዛት ብቻ ሳይሆን ስለ መግቢያ ሰአት አውሩ። ከሁለት ሰአት ተኩል ይልቅ አራት ሰአት ግቡ። ሶስት ሰአት ካለፈ በኋላ ሰልፉም ይሳሳል፣ ወንበርም ይገኛል፣ መውጫውን ደሞ ወይ 10 ሰአት ላይ አድርጉት ወይ ከ1 ሰአት በኋላ። ጠዋት ላይ አንድ ሰአት ተኩል ብቻ ነው ከድርጅቱ የጠየቃችሁት፣ ለናንተ ግን የሌሊት እንቅልፍ ነው። ከቤት የሚሰራ ስራ ካላችሁ ደሞ በሳምንት አንድ ወይ ሁለት ቀን ጠይቁ፣ ግን መብራት ስለሚጠፋና ኔትወርክ ስለሚያስቸግር መጀመሪያ ቤታችሁ እንደሚሰራ አረጋግጡ፣ "ከቤት እሰራለሁ" ብሎ ቀኑን ሙሉ ኔትወርክ ፍለጋ ጣሪያ ላይ መውጣት ከታክሲው ይብሳል።

የድርጅት ሰርቪስ ካለ ተመዝገቡ። የመንግስት ሰራተኛ የሆናችሁ በመታወቂያችሁ የፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡስ በነጻ መጠቀም ትችላላችሁ፣ ግን ሰአቱ የማይዛነፍ ስለሆነ በዝግታ ለመጀመር ለሚፈልግ ሰው አይመችም። ራይድ በየቀኑ እንኳን በግማሽ ደሞዝ በሙሉውም አይቻልም፣ ሶስት አራት ሰው ተዋጥታችሁ ከሰፈር የሚወጣ የቤት መኪና ብታገኙ ግን ያዋጣል፣ የኮንዶሚኒየም ብሎካችሁ ግሩፕ ላይ ጠይቁ፣ ሁሌ አንድ ባዶ ወንበር ይዞ የሚወጣ ሰው አይጠፋም።

አንድ የምመክረው ነገር ደሞ፣ ስራ ከመጀመራችሁ ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ መንገዱን ብቻውን ተለማመዱት። በመግቢያ ሰአታችሁ ተነሱ፣ ልብስ ልበሱ፣ ታክሲ ያዙ፣ ቢሮው አካባቢ ወርዳችሁ ሻይ ጠጡ፣ ተመለሱ። መጀመሪያ ሁለት ቀን፣ ከዛ አራት ቀን። ቂል ያስመስላል አውቃለሁ፣ የታክሲ ብርም ያስወጣል። ግን ቢሮው በር ጋ ስትደርሱ ሆዳችሁ ውስጥ የሚሆነውን ነገር ማንም ሳያያችሁ ታውቁታላችሁ፣ ሶስተኛው ቀን ላይ ይቀላል፣ ካልቀለለ ደሞ ለሃኪማችሁ የምትነግሩት ተጨባጭ ነገር አገኛችሁ።

"ጠፋህ እኮ!" ሲሉኝ ምን ልመልስ?

"ትንሽ አሞኝ ነበር፣ አሁን ተመስገን ደህና ነኝ፣ እናንተ እንዴት ናችሁ?" በቃ። አበሻ እናንተ እንዴት ናችሁ ከተባለ ስለራሱ ማውራት ይጀምራል፣ ትድናላችሁ። "ምን ነበር ያመመህ?" ብሎ የሚገፋ አይጠፋም፣ "ድካም ነው፣ ሃኪም እረፍ ብሎኝ ነው" በሉት፣ ውሸትም አይደለም። "ከሳህ" እና "ወፈርሽ"ን እንደ ሰላምታ ቁጠሩት። የምታምኑት አንድ ሰው ካለ ግን እውነቱን ንገሩት፣ ስብሰባ መሃል ፊታችሁ ሲቀየር "ቡና እንውጣ" የሚላችሁ ሰው ያስፈልጋችኋል።

የመጀመሪያው ሳምንት እንዴት ይሁን?

ሰኞ አትጀምሩ። ሀሙስ ጀምሩ፣ ሁለት ቀን ሰርታችሁ እረፍት ይመጣል። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ለምትሰሩም ያው ነው።

የመጀመሪያው ቀን ስራ አይሰራበትም፣ ፓስወርድ ኤክስፓየር አድርጓል፣ ወንበራችሁን ሌላ ሰው ወስዶታል፣ ሰላምታው ብቻ እስከ ምሳ ይወስዳል። ይሁን። በጊዜ ውጡ፣ "ደህና መሆኔን ላሳያቸው" ብላችሁ እስከ ምሽት እንዳትቀመጡ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ያሳያችሁት ነገር ነው በሁለተኛው የሚጠበቅባችሁ። ኦቨርታይም ቢያንስ ለሁለት ወር አይነካም፣ ህጉም ቢሆን በቀን ከ4 ሰአት በሳምንት ከ12 ሰአት በላይ አይፈቅድም፣ ክፍያው ሲያጓጓ ግማሽ ደሞዝ የበላችሁበትን ጊዜ አስታውሱ።

ምሳችሁን ጠረጴዛ ላይ አትብሉ። ውጡ።

ቤተሰቤ "ስንፍና ነው" ይለኛል። እናቴ ደሞ ጸበል ግባ ትላለች።

ስንፍና ለሚሉት የምመልሰው ነገር የለኝም፣ ያ ሰው ከዛ በፊት ስድስት አመት ሌሊት 10 ሰአት ተኩል ሲነሳ ማን ሰነፍ አለው? ወንዶች ላይ ደሞ ይከፋል፣ "አንተ የቤቱ አባወራ ሆነህ" ምናምን። የሚሰራው አንድ ዘዴ ሃኪሙ ጋ አብረው እንዲሄዱ ማድረግ ነው፣ አባታችሁ ወይ ባለቤታችሁ ከናንተ አፍ የማይሰማውን ከነጭ ጋዋን ይሰማል።

ጸበሉን በተመለከተ፣ ሄዳችሁ ሰላም የሚሰጣችሁ ከሆነ ሂዱ፣ ከእናት ጋ መጣላት አያስፈልግም። እንጦጦ ወጥቶ ሁለት ሳምንት ከስልክ ርቆ፣ በጊዜ ተኝቶ በጊዜ የተነሳ ሰው ቀለል ብሎት ሲመለስ አይቻለሁ። የማልስማማው አንድ ነገር ላይ ብቻ ነው፣ መድሃኒታችሁን አቁሙ ከተባላችሁ አታቁሙ። ሁለቱም አብሮ ይሄዳል። ሙስሊሞችም ሩቃ (ቁርዓን የሚቀራበት ህክምና) ጋ ያው ጥያቄ ይመጣባችኋል፣ መልሱ ያው ነው።

መድሃኒት ጀምሬያለሁ፣ ስራ ስጀምር ያደነዝዘኛል ብዬ ፈራሁ። ላቁመው?

በራሳችሁ አታቁሙ። የድብርት መድሃኒቶች ለውጣቸው እስኪታወቅ ሳምንታት ይወስዳሉ፣ በድንገት ሲቋረጡ ደሞ ማዞር፣ መነጫነጭ፣ እንቅልፍ ማጣት ያመጣሉ፣ ሰው ያኔ "ህመሜ ተመለሰ" ብሎ ይደነግጣል። ጠዋት ላይ የሚያደነዝዛችሁ ከሆነ የሚወሰድበት ሰአት ወይ መጠኑ ይስተካከል እንደሆነ ሃኪሙን ጠይቁ። ማሽን ላይ የምትሰሩ፣ ሹፌር የሆናችሁ፣ ከፍታ ላይ የምትወጡ ግን ይሄን ሳትጠይቁ ስራ አትጀምሩ። ቀጠሯችሁ በስራ ቀን የሚውል ከሆነም ቀድማችሁ ለኤችአር አሳውቁ።

ቡናና ጫትስ?

ካፌይን ግማሹ ብቻ ከሰውነት ለመውጣት ወደ 5 ሰአት ይፈጃል። ከስራ መልስ 1 ሰአት ላይ ጎረቤት ቡና አፍልታ አቦል ቶና በረካ ድረስ ከጠጣችሁ፣ ሌሊት 6 ሰአት ላይም ግማሹ ደማችሁ ውስጥ ነው፣ መነሻችሁ ደሞ 10 ሰአት ተኩል ነው። ቡናውን አትቅሩ፣ ጎረቤት ማጣት ሌላ ህመም ነው፣ አቦሉን ስሙን ያህል ቀምሳችሁ ሻይ ቅጠል ሳይሆን ጤናዳም ለምኑ፣ ቀሽር (የቡና ገለባ) ራሱ ካፌይን አለው።

ጫት ግን በግልጽ ልናገር። ሪፖርት ለማድረስ፣ ሌሊት ኮድ ለመጻፍ፣ ሎንግ ሺፍት ለመንዳት ብለው የጀመሩት ሰዎች ናቸው ብዙዎቹ የወደቁት። ምርቃናው ላይ የሰራችሁትን በማግስቱ በድብርትና በእንቅልፍ ማጣት ትከፍሉታላችሁ። እየቃማችሁ ከሆነ ለሃኪማችሁ ንገሩት፣ ፖሊስ አይደለም።

ሁዳዴ ላይ ብመለስ ችግር አለው?

ሳትበሉ እስከ 9 ሰአት ቆይታችሁ፣ ከሰልፍ ጋ፣ ከመድሃኒት ጋ፣ ለመጀመሪያ ወር ይከብዳል። የታመመ ሰው ጾም ላይ ንስሃ አባታችሁን አናግሩ፣ ሃኪም ያለውንም ንገሯቸው። ረመዳን ላይም ለታመመ ሰው መፍቀጃ እንዳለ ታውቃላችሁ፣ የመድሃኒቱን ሰአት ግን ከሃኪም ጋ አስተካክሉ።

መመለሱን ትቼ ብለቅስ?

ሊሆን ይችላል፣ አንዳንድ ቤት አይመለስበትም። ግን ተኝታችሁ ባላችሁበት ሰአት አትወስኑ፣ ያኔ ሁሉም ነገር ጨለማ ነው የሚመስለው። የሙከራ ጊዜ የጨረሰ ሰራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል፣ በሩ ሁሌም ክፍት ነው፣ ስለዚ አትቸኩሉ። ተመልሳችሁ፣ የጠየቃችሁት ሁለት ሶስት ነገር ተቀይሮ እንደሆነ ሁለት ወር አይታችሁ፣ ካልተቀየረ ደሞዝ እየበላችሁ ሌላ ፈልጉ። እኔ ብሆን ወደ ቤት የቀረበ ስራ ደሞዙ ትንሽ ቢያንስም እወስዳለሁ፣ ገላን በኩል ፋብሪካና መጋዘን ሞልቷል፣ ሂሳብ የሚሰራ፣ ስቶር የሚይዝ፣ ሰው የሚያስተዳድር ይፈልጋሉ። የታክሲውን ብርና 18ቱን ሰአት ስታስቡት ያነሰ የመሰለው ደሞዝ ላያንስ ይችላል።

ተመልሼ እንደገና ቢጀምረኝስ?

ምልክቱን ከማንም በፊት እናንተ ታውቁታላችሁ። ለአንዱ እሁድ ማታ ነው፣ ለሌላው የአለቃው ስም ስልክ ላይ ሲመጣ እጁ ሲርድ፣ ለሌላዋ ልጇ ላይ ያለ ምክንያት ስትጮህ። አንድ ቀን ከሆነ መጥፎ ቀን ነው፣ ሁለት ሳምንት ከቀጠለ ሃኪም ጋ ደውሉ፣ የግምገማውን ቀን ሳትጠብቁ አለቃችሁንም አናግሩ።

መኖር የማያስፈልግ መስሎ ከተሰማችሁ ወይ ራሳችሁን ስለመጉዳት ማሰብ ከጀመራችሁ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ለአንድ ሰው ዛሬውኑ ንገሩ፣ ብቻችሁን አትደሩ፣ ቅርባችሁ ያለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ይሄ ያሳፍራል የሚባል ነገር አይደለም።

የቆዩት ኢሜይሎች ከሺህ በላይ ናቸው። ሁሉንም ላንብብ?

አይ። የመጨረሻውን ሁለት ሳምንት ብቻ አንብቡ፣ የቀረውን በሙሉ አንድ ፎልደር ውስጥ ክተቱት፣ የሚፈልጋችሁ ካለ ራሱ ደግሞ ይጽፋል። ቴሌግራም ግሩፖቹንም ሚዩት አድርጉ፣ የልደት ኬክ መዋጮ ከሆነ ሰው በአካል መጥቶ ከናንተ ይሰበስባል።